ከተሰሎንቄ መልስ

ከደብረ ብርሃን የተነሣው አውቶቡስ መሐል ሜዳ ሲገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ፀደንያ ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ቀጭን ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋዋለች። የመንዝን ብርድ ረስታው ነበር። ሁለት ዓመት ባሕር በሚያዋስናት በተሰሎንቄ ስትኖር፣ የብርዱ ወራት ሲመጣ ግሪኮቹ ሲንቀጠቀጡ እያየች በልቧ ትስቅባቸው ነበር። አሁን ጣቶቿ ደንዝዘው የቦርሳዋን ማንገቻ መያዝ አቅቷቸዋል።

አውቶቡሱ ቆመ። ተሳፋሪው እየተጋፋ ሲወርድ እሷ አልተነሣችም። ዓይኗ በመስታወቱ ውስጥ ከሰው ሰው ይዘላል። የምትፈልገው ሰፊ ትከሻ ላይ የተጣለ ጥቁር በርኖስ ነበር። አባቷ መሪጌታ አፈወርቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ የደከመ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ቆመዋል። እናቷ ወይዘሮ አዛለች ነጠላቸውን አደግድገው ከአጠገባቸው አሉ። ጎረቤቶችም አሉ። ሻንጣ ለመሸከም የሚሻሙ ጎረምሶችም አሉ።

በርኖሱን የሚለብሰው ይታየው ግን የለም።

የምትገባበትን ቀን ጽፋለት ነበር። ደብዳቤው እንደደረሰው ታውቃለች፤ ወደ እሱ የላከችው ጠፍቶ አያውቅም። ወርዳ የእናቷ እቅፍ ውስጥ ስትገባ፣ ወይዘሮ አዛለች አንገቷን እየሳሙ "ከስተሻል ልጄ፣ ከስተሻል" ሲሉ፣ እሷ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ መንገዱን ታይ ነበር። የመጨረሻው ሰው ተበትኖ መንገዱ ባዶ ሲቀር፣ አገሯ የገባች ሳይሆን አገሯ የጠፋባት መሰላት።

* * *

ፀደንያ ያደገችው በግእዝ መሐል ነው። አባቷ ተማሪዎቻቸውን ከደጃፉ ሰብስበው ሲያስተምሩ እሷ ከበሩ ኋላ ሆና ትሰማ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ሲሳሳት ከውስጥ ሆና አረመችው። መሪጌታ ይቆጣሉ ብሎ ሁሉም ሲጠብቅ ሣቁና "ነይ ውጪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከፊት ተቀመጪ" አሏት። እንደዚያ ተጀመረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትጨርስ፣ የጥንት ግሪክና የላቲን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በተሰሎንቄ ለሁለተኛ ዲግሪ የምትማርበት የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘች። መሐል ሜዳ ተገረመ። "ሙታን የሚናገሩትን ቋንቋ ተምራ ማንን ልታነጋግርበት ነው?" ያሉም ነበሩ። አባቷ ግን "መጻሕፍታችን ከየትኛው ቋንቋ የተመለሱ መሰላችሁ?" ብለው ዝም አሰኟቸው።

ይታየውን ያወቀችው ከዚያ ሁሉ በፊት ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። የቀጥቃጩ የአቶ ወሰኔ ልጅ ነው። አባቱ ለአካባቢው ሰው ሁሉ ማጭድና ማረሻ ይሠራሉ፤ ማጭዱን የወሰደ ሁሉ ግን ከቤታቸው ውኃ አይጠጣም። ዓይናቸው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ይወራል። የክፍሉ ልጆችም ከቤታቸው ሰምተው የመጡትን ያውቃሉና፣ በእረፍት ሰዓት ይታየው ቆሎውን ለብቻው ይቆረጥም ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳሉ ፀደንያ ተነሥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። "አትሰጠኝም?" አለችው። እጁን ዘረጋላት። ክፍሉ ሁሉ እያየ ከመዳፉ ላይ ዘግና በላች። ይታየው ቀና ብሎ አያት፤ ያ አስተያየት ስንት ዓመት ሙሉ አብሯት ኖረ።

እሱ የእንስሳት ጤና ተምሮ ወረዳው ግብርና ቢሮ ተቀጠረ። በፈረስ እየዞረ የመንዝን በግ ይከትባል። እሷ ስትሄድ ሌላ ነገር አልተማማሉም፤ "እጽፍልሃለሁ" አለች፣ "እጠብቃለሁ" አለ፣ ደብዳቤውን ይሁን እሷን ሳይለይ።

ጻፈችለት። ስለ ፕሮፌሰር ኢሪኒ፣ ነጭ ፀጉሯን እንደ ልጅ ስለምትጎነጉነው መምህሯ ጻፈችለት። የግሪክኛውን ንባብ በግእዝ ዜማ ቃና ስታነብ መጀመሪያ የክፍሉ ልጆች እንደሣቁ፣ በኋላ ግን ጸጥ ብለው "ድገሚልን" እንዳሏት ጻፈችለት። የላቲን ፈተና ወድቃ ሦስት ቀን ከአልጋ አለመነሣቷን ጻፈችለት። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "የጥንት ግሪኮች ከነጠላና ከብዙ ሌላ ሦስተኛ አነጋገር ነበራቸው። ለሁለት ብቻ። ለሁለት ዓይን፣ ለሁለት እጅ፣ ለጥማድ በሬ። አንድም ያልሆኑ፣ ብዙም ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አብረው ሲሠሩ ግሱ ራሱ ይለወጥላቸዋል። ስማር አንተ ትዝ አልከኝ። እኔና አንተ በአማርኛ የለንም ማለት ነው?" እሱም ስለ በጎቹ፣ ስለ ጓሳው ሜዳ ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ አንዲት ጥቁር በግ መንታ ስለወለደችበት ሌሊት ከጻፈላት በኋላ ከግርጌው "ጥማድ በሬው ደኅና ነው፤ አንዱ ባሕር ማዶ ነው እንጂ" አለ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ከመስከረም ጀምሮ ዶክትሬቷን እንድትቀጥል ቦታ ተሰጣት። አራት ዓመት ነው። ዜናውን ለቤተሰቦቿም ለእሱም በአንድ ቀን ጻፈች። ለእሱ ግን ጥያቄ ነበረው፦ "አንተ ምን ትላለህ?"

መልሱ አጭር ነበር። "ሂጂ። እግዚአብሔር ይርዳሽ።"

ፀደንያ ያቺን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት አታውቅም። በሦስት ጥንታዊ ቋንቋዎች የተጻፈ ነገር ስትፈታ የኖረች ልጅ አንዲት የአማርኛ ቃል መፍታት አቃታት። ትእዛዝ ናት፤ ነጠላ ናት፤ ለሴት የተነገረች ናት። ሰዋስዋ ይኸው ነው። ከዚያ በታች ያለውን ግን፣ ሸኝቷት ይሁን ገፍትሯት፣ የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አልነበራትም። ከዚያ ወዲያ የጻፈችለት የመምጫዋን ቀን ብቻ ነው። ለዶክትሬቱ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለባት፤ መልሱን ግን ገና አልጻፈችም። ሻንጣዋን ይዛ የመጣችው መልሱን እዚህ ለመፈለግ ነበር።

* * *

ጠዋት ጠዋት መሪጌታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ልጃቸውን ማስነበብ ጀመሩ። ዓይናቸው ፊደል መለየት ካቆመ ዓመት ሞልቶታል። ጆሯቸው ግን አንዲት የተሳሳተች ቃል አታልፈውም።

የመመረቂያ ጽሑፏ በጥንት ጊዜ ከግሪክ ወደ ግእዝ ስለተመለሰ የአንዲት ሰማዕት ታሪክ ነበር። ታሪኩ በላቲንም ይገኛል። ፀደንያ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋ ነው የመረመረችው።

"ሰማዕቷን ሊወስዷት ሲመጡ እናትየዋ በር ላይ ቆማለች" አለች ለአባቷ። "እዚህ ላይ ግሪኩ 'አለቀሰች' ይላል። ላቲኑ 'ዝም አለች' ይላል። ፕሮፌሰሬ 'ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል' አለችኝ።"

"የእኛውስ?"

"የእኛው 'ወበከየት በልባ' ይላል።"

መሪጌታ ጉልበታቸውን መቱ። "በልቧ አለቀሰች! አየሽ፣ ሁለቱንም አስታረቃቸው! እንዴት ያለ ሊቅ ነው እቴ!" እንደ ሕፃን ሣቁ። "ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ልትተዪው ነው የምታስቢው?"

"ማን አለ ልተወው ነው ያለ?"

"ድምፅሽ ነዋ። ስታነቢ ደስ ይልሻል፤ ስታጥፊው ታዝኛለሽ። ምን ሆነሻል?"

ወይዘሮ አዛለች ከውስጥ ገብስ እያበጠሩ ነበር፤ የሰፌዱ ድምፅ ቆመ።

"ምንም አልሆነችም" አሉ ከውስጥ። "እንግዲህ ትምህርቷን ትጨርስ። እዚያ ደብረ ብርሃን ያለው ፈለቀ የሚባለው መሐንዲስ ደግሞ ዘመዶቹን ሁለት ጊዜ ልኳል። የጨዋ ልጅ ነው፤ እጠብቃታለሁ ብሏል። ምን ጎደለና ነው የምትከፋ?"

"እማዬ፣ ይታየው ደኅና ነው?" አለች ፀደንያ። ከመጣች ጀምሮ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰፌዱ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ደኅና ነው መሰለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ እናቷ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ እንዳዞሩ "ነገ ጓሳው ለአጨዳ ይከፈታል" አሉ። "የማድ ቤቱ ክዳን አርጅቷል። ሣሩን የሚያጭድልን ሰው ልኬአለሁ፤ የሚቆጣጠር ከቤት ቢሄድ መልካም ነው። ግብርና ቢሮዎቹም ይወጣሉ ሲሉ ሰማሁ።"

የመጨረሻዋን ነገር ቀስ ብለው ነው ያሏት። ፀደንያ አባቷን አየቻቸው። የማያየው ዓይናቸው ውስጥ ሁሉን ያየ ሰው ፈገግታ ነበር።

* * *

ጓሳ በዓመት የሚከፈተው ሽማግሌዎቹ ሲፈቅዱ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ እፍኝ ሣር የሚነቅል የለም። የተፈቀደ ዕለት ግን ከየመንደሩ የወጣ ሰው ሜዳውን ይሞላዋል። ፀደንያ ከጎረቤቶቿ ጋር አይሱዙ ላይ ተሳፍራ ስትደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። የጅብራው ተክል እንደ ቆመ ሰው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላል። የማጭዱ ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይሰማል፤ ሰው ግን አይታይም።

መጀመሪያ ያየችው ፈረሱን ነው። ቀጥሎ ከአንዲት የታመመች በግ አጠገብ የተንበረከከ ሰው። ጥቁር በርኖሱ ከኋላው ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። መርፌውን ወግቶ ሲጨርስ የበጓን ጭንቅላት በእጁ ዳሰሰና ቀና አለ።

ተያዩ።

ይታየው ተነሣ። ቆቡን አወለቀ። "እንደምን ነዎት?" አላት።

"ማንን ነው ነዎት የምትለው?"

"የተማረ ሰው ይከበራል።"

"ይታየው።"

"መግባትዎን ሰምቼ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልመጣሁት። በደኅና ገቡ?"

"ከመዳፍህ ቆሎ የበላሁትን እኔን እርስዎ ትለኛለህ?" ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። "ልትሰድበኝ ከፈለግህ በደንቡ ስደበኝ! ይቺን ግን አትበለኝ። ከሁሉ ይቺ ትብሳለች።"

ይታየው መሬት መሬት አየ። ጉሙ በመካከላቸው አለፈ። "እሺ" አለ በመጨረሻ። "አንቺ። እንደምን ነሽ፣ ፀዲ?"

ግን ቁጣዋ ገና አላለቀም ነበር።

"'ሂጂ' ብለህ ጻፍክልኝ። ምን ትላለህ ብዬ ብጠይቅህ ሂጂ። ውሻ እንኳ እንዲህ አይባልም።"

"ምን ልበልሽ ኖሯል?"

"ቅሪ በለኛ! ወይም ተናደድ። ወይም አልችልም በል። ሁለታችንን የሚመለከት ነገር ለብቻህ ወሰንህ። ያ የጻፍኩልህ የሁለት ሰው አነጋገር…"

"ጥማድ በሬው?"

"አትሣቅ!"

"አልሣቅሁም" አለ። እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። "ቅሪ ብዬሽ ብትቀሪስ? አንቺ ቅሪ ቢሉሽ የምትቀሪ ሰው ነሽ። የፈራሁት እሱን ነው። አንድ ቀን መጽሐፍ ይዘሽ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ 'ለዚህ ሰው ብዬ ባልቀር ኖሮ' ስትዪ ማየት አልፈለግሁም።"

"እንዲህ ብለህ መጻፍ አቃተህ?"

በጓ ተነሥታ እየተንገዳገደች ወደ መንጋዋ ሄደች። ይታየው እስክትደርስ ድረስ በዓይኑ ሸኛትና፣ "ደብዳቤሽ ከመድረሱ ቀድመው እናትሽ ቢሮ መጥተው ነበር" አለ።

"እማዬ?"

"ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። ውኃ ቀዳሁላቸው፤ አልጠጡም። 'ልጄ አራት ዓመት ተጨምሮላታል። አንተ ካለህ ትመለሳለች። ከተመለሰች ደግሞ የቀጥቃጭ ሚስት ተብላ ነው የምትኖረው። ካፈቀርካት ከመንገዷ ዞር በልላት' አሉኝ። አልተቆጡኝም ፀዲ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለመኑኝ። እያለቀሱ ለመኑኝ። እኔ እናት የለኝም፤ የሰው እናት ስታለቅስ እንዴት እንደሚቻል አላውቅም።"

ፀደንያ አፏን በእጇ ያዘች። ወራት ሙሉ የተሸከመችው ድንጋይ ከላይዋ ወረደ፤ የወረደው ግን በእናቷ ላይ ነበር።

"አሁንስ?" አለ ይታየው ዝግ ብሎ። "ትሄጃለሽ?"

"ትምህርቱን እወደዋለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"አንተንም…"

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው "ኧረ ይታየው! ይቺኛዋ ልትሞትብን ነው!" ሲል ተጣራ። ይታየው የመድኃኒት ሳጥኑን አነሣ። አንድ እርምጃ ሄደና ዞረ። የምትጨርሰው እንደሆነ ብሎ ጠበቃት። ቃሉ ግን ከፀደንያ ጉሮሮ አልወጣ አለ። ስንት ቋንቋ ተምራ፣ ያቺ አንዲት የአማርኛ ቃል እምቢ አለቻት። በርኖሱ ጉሙ ውስጥ ሲሟሟ እያየች ቆመች።

* * *

"ይታየው ቢሮ ሄደሻል ወይ?" አለች እናቷን በማግሥቱ።

ወይዘሮ አዛለች አልካዱም። መሶብ እየወለወሉ ነበር፤ ጨርቁን አስቀመጡት። "ሄጃለሁ።"

"እማዬ፣ እንዴት…"

"ቆይ፣ እኔም ልናገር። አንቺ ስታነቢ እሰማለሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እሰማለሁ። ፊደል ያልቆጠረች እናት የወለደችው ልጅ ባሕር ተሻግራ ፈረንጅ ታስደንቃለች። ይሄን ትቼ ሰው አፍ ውስጥ ልጣልሽ? የወሰኔ ሚስት ስትሞት ታስታውሻለሽ? ሬሳዋን የሚሸከም ሰው ጠፋ፣ ፀደንያ! ዝናብ እየዘነበ ባሏና ልጇ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተሸካሚ ሲጠብቁ እኔ ከደጄ ሆኜ አይቻለሁ። ያቺ ሴት ማንን በደለች? ማንንም። አንቺን እንደዚያ እንዲያደርጉሽ ነው? ልጆችሽን?" ድምፃቸው ተሰበረ። "ክፋት መስሎሽ ከሆነ ክፋት አይደለም። ፈርቼልሽ ነው።"

ፀደንያ ልትጮህ ነበር የመጣችው። አፏ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋባት። ሄዳ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። እጃቸው ፀጉሯ ውስጥ ገባ።

መሪጌታ አፈወርቅ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ነበር። የተኙ ይመስሉ ነበር።

"አዛለች" አሉ።

"አቤት።"

"የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ማን ነው የሠራው? ማጠፊያውን፣ ቁልፉን?"

"ወሰኔ ነዋ።"

"በዚያ በር ስንት ዓመት ገባሁ ወጣሁ።" ተነሥተው ቁጭ አሉ። "ፀደንያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትመሪኛለሽ። የምንሄድበት ቤት አለ።"

የልጃቸውን ፀጉር የያዘው የወይዘሮ አዛለች እጅ ጠበቀ፤ ፀደንያም የእናቷን ፍርሃት ያን ጊዜ ከዚያ እጅ ላይ አወቀችው።

* * *

እሑድ መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንድ እጃቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ ጥለው ከቤተ ክርስቲያን ወጡ። ሌላውን መንገድ መያዝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡ በሚተላለፍበት በዋናው መንገድ ምሪኝ አሏት። ሰላምታ የሚሰጠው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ሲገባው ደግሞ ያንሾካሹካል። አባቷ ግን እርምጃቸውን አላዘገዩም።

አቶ ወሰኔ ግቢያቸው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወናፉ ተጣጥፎ፣ መዶሻው ጥግ ላይ ተኝቷል። መሪጌታን ሲያዩ ብድግ አሉ። ደነገጡ።

"የኔታ! ምን ሆነው ነው? ሰው ሞተ?"

"የሞተ የለም፣ አቶ ወሰኔ። ከቅዳሴ መውጣቴ ነው። ርቦኛል። የሚቀመስ ነገር አያጡልኝም ብዬ ነው።"

አቶ ወሰኔ መጀመሪያ እርስዎ መባላቸው፣ ቀጥሎ የተባሉት ነገር፣ ሁለቱም አልገባቸውም። ፊታቸውን አዞሩና በክርናቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ይታየው!" ብለው ተጣሩ፤ ድምፃቸው ግማሽ ላይ ቀረ። "ይታየው፣ የኔታ… የኔታ ርቧቸዋል።"

ይታየው ከቤት ወጣ። መሪጌታን አየ፣ ፀደንያን አየ፣ ወደ ቤት ተመለሰ። የገብስ ዳቦና አይብ፣ ጠላም በዋንጫ ይዞ መጣ። ዳቦውን በመሪጌታ እጅ አስነካቸው። መሪጌታ ባርከው ቆረሱ። ከአጥሩ ውጪ ሰው ተሰብስቧል፤ አንገቱን የሚያሰግግ አለ፣ ሕፃን አንከብክቦ የሚያሳይ አለ። ሁሉም እያዩ መሪጌታ አፈወርቅ ከቀጥቃጭ ቤት ዳቦ በሉ። ቀስ ብለው፣ እያጣጣሙ፣ እንደ ማንኛውም የተራበ ሰው።

"ጨዋ ዳቦ ነው" አሉ። "ማን ጋገረው?"

"እኔ ነኝ፣ የኔታ" አለ ይታየው።

"ሙያ አለህ። ልጄ ደግሞ ዳቦ ስትጋግር ታሳርራለች፤ ቀድመህ እወቀው።"

ፀደንያ ሣቀች፤ ሣቋ ከእንባ ጋር ወጣ። ያን ጊዜ ነው የአጥሩ በር የተከፈተው።

ወይዘሮ አዛለች ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። የመንደሩ ሴቶች መንገድ ለቀውላቸው፣ በመካከላቸው ብቻቸውን አልፈው ገቡ። በሩ ላይ ቆሙ።

"እኔን ለብቻዬ ትታችሁ ምሳ ትበላላችሁ?" አሉ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ድምፃቸው እምቢ አላቸው። ወደ ይታየው ዞሩ። "ልጄ።"

"አቤት፣ እማማ።"

"ያን ቀን የቀዳህልኝን ውኃ ስጠኝ።"

ይታየው ውኃ ቀድቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ወይዘሮ አዛለች ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉና፣ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ጣሳውን ሲመልሱ የይታየውን እጅ ያዙት፤ አልለቀቁትም። "ይቅር በለኝ" አሉት። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ቀድመው ግንባሩን ሳሙት።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ አቶ ወሰኔ፣ እኔ የመጣሁት ደጄ ክፍት ነው ለማለት ነው። ሽማግሌ ይላኩ፤ ከጾሙ በፊት ይላኩ። ለፋሲካ ማግሥት ሠርጉን ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነገር ግን አንድ የምጠይቀው አለኝ፣ ልጁን። ይታየው፣ ልጄ መማር አለባት። እዚያ ያለው ነገር፣ እሷ ካልፈታችው የሚፈታው የለም። አራት ዓመት ነው። ስትጨርስ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ እስከዚያ ግን ክረምት ክረምት ብቻ ነው የምታያት። በጎችህን ትተህ አትከተላት ነገር፣ አባትህ አሉ። ትችለዋለህ?"

ይታየው አባቱን አየ። ከዚያ ፀደንያን አየ። ሰውም አጥርም እንደሌለ ሁሉ ረጅም ጊዜ አያት።

"የኔታ፣ መጠበቅ አያስፈራኝም" አለ። "የሚያስፈራኝ ጠብቀኝ የሚለኝ ማጣት ነው።"

ፀደንያ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ እንዳረፈ አወቀች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አትናገርም። አባቷ፣ እናቷ፣ አቶ ወሰኔ፣ ከአጥሩ ውጪ ያለው መንደር ሁሉ ይሰማል። ጓሳ ላይ ጉሮሮዋ ላይ የቀረው ያ ነገር ግን አሁን ማንንም አልፈራም።

"ጠብቀኝ" አለችው።

ጮክ ብላ ነበር ያለችው። ከአጥሩ ውጪ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፈረችና ተወችው፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። የይታየው ፊት ቀስ ብሎ በራ። ፀደንያ ስፍራዋን አልለቀቀችም፤ ዓይኗንም አልሰበረችም። ልትሄድ ነው፤ ርቀቱም ናፍቆቱም ገና ከፊቷ ናቸው፣ ታውቃለች። ሆኖም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሄጃዋን መስከረምን ያለ ፍርሃት አሰበችው።